የዱሬቲ ቅዳሜ

ስለ ሚስቴ ስለ ዱሬቲ ነው የምጽፈው። ጽሑፍ የእኔ ሥራ አይደለም። እኔ ባቱ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥምጄ የማድር ሰው ነኝ፤ ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው። ግን ሰው ስለ ዱሬቲ ሲያወራ ያችን አንዲት እሁድ ይዘላታል። እኔ ደግሞ ያችን እሁድ በእግሬ ቆሜ አይቻታለሁ። ስለዚህ ልሞክር፤ ፊደል ቢጎድልብኝ እለፉኝ።

ዱሬቲ የሁሩታ ልጅ ናት። ሁሩታ በአሰላ መንገድ ላይ ያለች የስንዴና የገብስ አገር ናት፤ ዓሣ እምብዛም አይታወቅም። ዲፕሎማዋን ይዛ ባቱ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደተቀጠረች ሐይቁ ዳር ወርዳ አንድ ቆሮሶ ገዛች። ቆሮሶ ይሄ ጠፍጣፋው ዓሣ ነው። ያዘችው፣ አገላበጠችው፣ ከዚያ፣ "ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚታረደው?" አለች።

ጓደኞቼ በሳቅ ወደቁ። እኔ አልሳቅኩም። ቢላዬን አነሣሁና ፊሌቶውን አወጣሁ፤ አጥንቱን ለአባ ኮዳ አሞራዎቹ ወርውሬ ሥጋውን በፌስታል አድርጌ ሰጠኋት። ምንም አላልኳትም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ እኔም በየሳምንቱ ምንም አልላትም። ኋላ ሲመርራት ራሷ፣

"አንተ፣ ዲዳ ነህ ወይስ ኮርተህ ነው?" አለችኝ።

ኧረ ኩራት ከየት መጥቶ! ቃሉ እምቢ ብሎኝ ነው። በመጨረሻ ኦቦ ጫምሳን ለመንኳቸው። ኦቦ ጫምሳ ባለ ጋሪ ናቸው። ባጃጅ ገበያውን ቢወስድባቸውም ፈረሳቸውን አልሸጡም። በሰፈራችን ሰው ሲጣላም፣ ልጅ ሲታጭም የሚላኩት እሳቸው ናቸው። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ሁሩታ ድረስ ሄዱልኝ። አባቷ "ተቀመጡ" ሲሏቸው፣ "እሺ ሳይሉን አንቀመጥም" ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ለአባወራው ውሃም አይወርድለትም፤ ወጋችን ነው። ቆመው ቆመው አባትየው እሺ አሉ። እንዲህ ነው ዱሬቲን ያገባሁት።

ዱሬቲ ትምህርት አትጠግብም። ከተጋባን በኋላ ዲግሪዋን በርቀት ጨረሰች። ያ ሲያልቅ አረፈች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ማስተርስ አለች። አዳማ ላይ ፐብሊክ ማኔጅመንት የሚባል ትምህርት አለ። የመንግሥት ሥራ እንዴት እንደሚመራ፣ ባለጉዳይ እንዴት ሳይጉላላ እንደሚስተናገድ የሚያስተምር ነው። ሥራ ላላቸው ሰዎች ስለሆነ የሚሰጠው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። እሷ እንደምትነግረኝ ክፍሉ ውስጥ ነርስ አለ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር አለ፣ ወታደር አለ፣ አንድ የትራፊክ ፖሊስም አለ። እሱ አስተማሪው ሲዘገይ ተነሥቶ "መንጃ ፈቃድ!" ይለዋል አሉ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ አደርሳታለሁ። በመቂ፣ በሞጆ አድርጋ አዳማ ትገባለች። ቅዳሜን እዚያው የክፍል ጓደኛዋ ቤት አድራ እሁድ ማታ ትመለሳለች። በሥራ ቀን ጠዋት ደግሞ እኔ መረቤን ስጠግን አጠገቤ ቁጭ ብላ ሞጁሏን ጮክ ብላ ታነባለች። እኔ ግማሹ አይገባኝም። ግን ድምፁን ለምጄዋለሁ፤ ሳታነብ ስትቀር መረቡ ራሱ አይጠገንልኝም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ መሥሪያ ቤቷ አዲስ ኃላፊ መጣ። አቶ ጋሮምሳ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት አገልግሎት ይሰጥ ሲባል ሠራተኛው ሁሉ ይግባ አሉ። ዱሬቲ አስረዳች። ቅዳሜ ሌላ ሰው ይግባልኝ፤ እኔ በምትኩ በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት መስኮቱን ከፍቼ ልሥራ፤ ባለጉዳዩ ከገጠር በጋሪ መጥቶ ምሳ ሰዓት ደጅ ላይ ፀሐይ ሲመታው እያየነው ነው አለች። አቶ ጋሮምሳም፣

"ሐሳብሽ ጥሩ ነው። ግን ላንቺ ብፈቅድ ነገ ሁሉም በሬ ላይ ይሰለፋል፤ ምን ልላቸው ነው?" አሏት።

ቅዳሜ ከትምህርቱ መቅረት ጀመረች። እሁድ ብቻ እየሄደች የቅዳሜውን ከሰው ትገለብጣለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ደንብ አለው፤ ከልክ በላይ የቀረ ፈተና አይቀመጥም። ዱሬቲ ጫፍ ላይ ደረሰች። ከእንግዲህ ሁለት ቅዳሜ ብትቀር የቅዳሜው ትምህርት ፈተና ያመልጣታል፤ ያ ካመለጣት መመረቂያ ጽሑፍ አይፈቀድላትም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መረብ ስጠግን አጠገቤ ተቀመጠች። ሞጁሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳትከፍተው ቆየች።

"ቶሌ" አለችኝ። ስሜ ቶሌራ ነው፤ እሷ ቶሌ ነው የምትለኝ። "ላቋርጠው ነው።"

"ምኑን?"

"ትምህርቱን ነዋ። ሰኞ የዊዝድሮው ቅጽ እሞላለሁ። ሰው እየለመኑ መማር ሰለቸኝ።"

እንደ ሁልጊዜው መርፌዬን ይዤ መረቡ ላይ አቀረቀርኩ። እሷ ተነሥታ ሥራ ሄደች፤ ሞጁሉን እዚያው ጥላው ሄደች። ነፋሱ ገጹን እየገለበጠው ቆየ። ሄጄ ድንጋይ ጫንኩበት።

ታዲያ አሰብኩ፤ ዱሬቲን ያመጣልኝ ሰው ቅዳሜዋን ማምጣት ያቅተዋል?

ኦቦ ጫምሳ ጋሪያቸውን ሲያጥቡ ደረስኩ። ነገሩን ተቆራርጦም ቢሆን ነገርኳቸው። ፈረሱን እያሻሹ ሰሙኝና፣

"ለመንግሥት ፈቃድ ጃርሳ ተልኮ ያውቃል?" አሉኝ። ጃርሳ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው።

"እኔ እንጃ፣ አባቴ።"

"እኔም እንጃ። ግን ሰውየው ሰው አይደለም? ቤት የለውም? ቤት ካለው ደጅ አለው፤ ደጅ ካለው ይኬዳል። እሁድ።"

ለዱሬቲ አልነገርኳትም። "ሰኞ እስክትሞዪው እሁድን ተማሪ" ብዬ ብቻ ሸኘኋት። ከኦቦ ጫምሳ ጋር የሚሄዱት ጋሽ ዘገዬና ኦቦ ያደታ ነበሩ። ጋሽ ዘገዬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለሰርግም ለለቅሶም የሚያደርጓት አንድ ክራቫት አለቻቸው። ኦቦ ያደታ ግን በዚያው ጠዋት ወባ ጣላቸው።

"ሁለት ሽማግሌ ወግ አይደለም፤ አንተው ሙላ" አሉኝ ኦቦ ጫምሳ።

"እኔ? እኔ እኮ ባለጉዳዩ ነኝ! ሽማግሌም አይደለሁም።"

"ጢምህ ሽበት አለው፣ ይበቃል። ዝም ብለህ ትቆማለህ። ዝምታን ደግሞ አንተን ማን ያስተምርሃል?"

ጋሽ ዘገዬ ሳቁብኝ። ቤት ገብቼ የሰርጌን ኮት አወጣሁ። እጄን በሎሚ አሸሁት፤ አሁንም ዓሣ ዓሣ ይላል። ሌላ ሎሚ ጨመርኩ።

የአቶ ጋሮምሳ ቤት ስንደርስ በር የከፈተችልን ሴት ልጃቸው ናት፣ ሶሲ ትባላለች። ሦስታችንን በኮትና በዱላ ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ።

"እማ! መጡ!" ብላ ጮኸችና ወደ ጓዳ ሮጠች።

እንዴት አወቀችን ብዬ ገረመኝ። ከማንም ጋር ቀጠሮ አልያዝንም። ወይዘሮ እናትነሽ፣ የአቶ ጋሮምሳ ባለቤት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ኦቦ ጫምሳንና ጋሽ ዘገዬን በእጃቸው ሰላም አሉ። እኔ ላይ ሲደርሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ደግመው አዩኝ። እኔ ሎሚው ነው አልኩ በሆዴ።

አቶ ጋሮምሳ በቱታ ሶፋ ላይ ሆነው ኳስ ያያሉ። "ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ!" ብለው ተነሡ።

"አካም ጅርቱ፣ ቤቶች፤ ደኅና ናችሁ ወይ?" አሉ ኦቦ ጫምሳ ዱላቸውን ተደግፈው። "የመጣነው በከባድ ጉዳይ ነው። እሺ የሚል ቃል ካፍዎ ሳንሰማ አንቀመጥም።"

አቶ ጋሮምሳ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ፊታቸው ተለወጠ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ባለችበት ቤት ሦስት ወንዶች ኮት ለብሰው አንቀመጥም ካሉ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ይሄ ነገር ከእኛ ላንዳችንም አልታየንም ነበር። ኦቦ ጫምሳ እንኳ አልታያቸውም።

ወይዘሮ እናትነሽ ባላቸው ጆሮ ላይ አጎነበሱ። ሹክሹክታቸው ግን ለቤቱ ሁሉ ይሰማል።

"ሽማግሌ ሊልክ ነው ብላኝ ነበር ሶሲ። ያ የቢሾፍቱው ልጅ። ልነግርህ ስል አንተ ኳስ ታያለህ።"

"የምን የቢሾፍቱ ልጅ?"

"ቀስ በል። ግን..." ደግሞ አዩኝ። "ሙሽራውን ራሱን ይዘው ይመጣሉ እንዴ? ለጋ ልጅ ነው ብላኝ ነበር፤ ይሄ ጢሙ ሸብቷል እኮ!"

ከመጋረጃው ኋላ ሶሲ፣ "እማ፣ እሱ አይደለም! በጌታ! ይሄን ሰውዬ አላውቀውም!" አለች፤ ልታለቅስ ነው።

ኧረ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ጋሽ ዘገዬ ክራቫታቸውን ይጎትታሉ። ኦቦ ጫምሳ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አቶ ጋሮምሳ እጃቸውን አነሡ።

"ስሙኝ፣ አባቶቼ። ሽበታችሁን አከብራለሁ። ግን የእኔ ልጅ ተማሪ ናት፤ ገና አንድ ዓመት ይቀራታል። ማንም መጥቶ አያቋርጣትም! በትምህርት ላይ ያለችን ሴት ከትምህርቷ የሚያስቀር ሰው፣ እኔ ሰው አልለውም። ቆማችሁ ብታድሩ ቃሌ ይሄ ነው!"

ኦቦ ጫምሳ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በዱላቸው ጫፍ ጫማዬን ነካ አደረጉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ልቤ መትቶ አያውቅም፤ ማዕበል ጀልባዬን ሲገለብጠው እንኳ።

"እኔም..." አልኩ።

"እርስዎም ምን?"

"እኔም ይሄንኑ ልለምን ነው የመጣሁት። ዱሬቲ ሚስቴ ናት። እርስዎ ቢሮ ነው የምትሠራው። ከእንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከክፍል ብትቀር ትምህርቷ ሊቋረጥ ነው።"

አቶ ጋሮምሳ እጃቸውን አወረዱ።

"ለሶሲ አይደለም የመጣችሁት?"

"ኧረ በፍጹም! እኔ ባለትዳር ነኝ!"

መጀመሪያ የሳቀችው ሶሲ ናት፣ ከመጋረጃው ኋላ። ከዚያ ወይዘሮ እናትነሽ። አቶ ጋሮምሳ ሶፋው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ።

"ለቅዳሜ ነው? ለቅዳሜ ፈቃድ? እናንተ ሰዎች፣ ልቤን አቁማችሁት ነበር እኮ!"

"እኛስ ቆመናል" አሉ ኦቦ ጫምሳ። "እግራችን እየደከመ ነው፣ አቶ ጋሮምሳ።"

"ተቀመጡዋ!"

"ቃሉስ?"

አቶ ጋሮምሳ ሳቃቸውን ዋጡ። ሊያመነቱ ሲሉ ባለቤታቸው ቀደሟቸው።

"በል እንግዲህ ጋሮ፤ ያልከውን ሁላችንም ሰምተናል። ሰው አልለውም ያልከው ማንን ነበር?"

"ለአንዷ ስፈቅድ ሌላውም ይመጣል ብዬ እኮ ነው፣ እናትዬ..."

"ሌላውም ሲመጣ እኛ ቆመን እንለምናለን" አሉ ኦቦ ጫምሳ። "እርስዎን ምን አደከመዎት?"

አቶ ጋሮምሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሽማግሌ ፊት ያወጣሁትን ቃል አላጥፍም። እሺ። ቅዳሜዋን ትሂድ። ያ የምሳ ሰዓት ነገሯም ይሞከር።"

ያኔ ኦቦ ጫምሳ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ቀጭ ሲል ሰማሁት። ጭኮና ሚሪንዳ ቀረበልን። ከዚያ ጊዜ በፊትም በኋላም እንደዚያ ሚሪንዳ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ሶሲ ስትቀዳልኝ ቀስ ብላ፣ "ይቅርታ ጋሼ፣ አስቀያሚ ነህ ማለቴ አይደለም" አለችኝ።

ማታ መናኸሪያ ዱሬቲን ጠበቅኳት። ቦርሳዋን ተቀብዬ መንገድ እንደጀመርን ነገርኳት። መንገድ መሐል ቆመች።

"አለቃዬ ቤት? በእሁድ? በሽማግሌ?"

"በሽማግሌ።"

"ቶሌ፣ እኔ ይሄን ያህል ጊዜ ሥራ በአሠራር ይመራ ሲባል ስማር፣ አንተ ጃርሳ ላክህ? ነገ ቢሮ በየትኛው ፊቴ ነው የምገባው? ክፍል ውስጥ ቢሰማ ያ ትራፊክ ፖሊስ ይጨርሰኛል!"

ተቆጣች። እውነትም ነበራት። ጭንቅላቴን ደፍቼ ሄድኩ። ትንሽ እንደሄድን፣

"ተቀምጠው ነው የለመኑት?" አለች።

"አልተቀመጡም። ላንቺ ሁሩታ ሲሄዱስ ተቀምጠው ነበር?"

ሳቅ አመለጣት። ከዚያ የሙሽራውን ነገር ስነግራት የሰው አጥር ተደግፋ ሳቀች። "ጢሙ ሸብቷል! ይበልህ!" እያለች ቤት ደረስን። ዊዝድሮው የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ከአፏ አልሰማሁትም።

ግን ዱሬቲ ዱሬቲ ናት። ሰኞ ጠዋት አቶ ጋሮምሳ ዘንድ ገብታ፣ "በልመና የመጣውን አልቀበልም። ሥራውን የሚጎዳ ከሆነ ይከልክሉኝ፤ የማይጎዳ ከሆነ ለሁሉም ይሁን" አለቻቸው። እሳቸውም በስብሰባ አወጁት፤ የሚማር ሰው ቅዳሜውን ከባልደረባው ጋር መቀያየር ይችላል ተባለ። የሚፈሩት ሰልፍም አልመጣም። ቅዳሜውን የያዘችላት ፎዚያ የምትባል ባልደረባዋ ናት። አራስ ስለነበረች ምሳ ሰዓት ሄዳ ልጇን ማጥባት ትፈልግ ነበር። ዱሬቲ ምሳዋን ቀድማ በልታ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ፎዚያ በዚያ ሰዓት ቤቷ ትሄዳለች። ከገጠር የሚመጣው ሰውም ፀሐይ ላይ መቀመጡ ቀረለት። ኦቦ ጫምሳ እንኳ፣ ምሳ ሰዓት በጋሪ ሰው ጭነው እዚያ ያደርሱ ጀመር። "እኔ ያስከፈትኩት መስኮት" ይሉታል፤ እሷ ስትሰማ ትናደዳለች።

መመረቂያ ጽሑፏንም ስለዚያው ስለ ምሳ ሰዓት መስኮት ጻፈችው። ጽሑፉ ውስጥ ሽማግሌ አለ ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ "ለእሱ ምዕራፍ አልተፈቀደልኝም" አለችኝ።

ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን ቅዳሜ ዋለ። ያን ቀን አብሬያት አዳማ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ፤ ግባ ብትለኝም አልገባሁም። ከወደ ከተማው ባጃጁ ይጮሃል፤ ነፋሱ አቧራውን ያነሣል። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማኛል፤ የእሷ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መረብ ስጠግን የምሰማው ያው ድምፅ ነው። ከዚያ የወንድ ድምፅ፣ ጥያቄ ይመስላል። እጄ ሥራ ስላጣ የጫማዬን ክር ፈትቼ መልሼ አሠርኩት።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ወጣች። ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፣ ቃል አይወጣትም። እኔን ፍርሃት ያዘኝ። ምን ብዬ እንደምጠይቃት ሳስብ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው፣

"አንቺ፣ ዲዳ ነሽ ወይስ ኮርተሽ ነው?" አልኳት።

"አለፍኩ" አለች። "ቶሌ፣ አለፍኩ።" ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ሰው ያየናል ብዬ አላፈርኩም።

ከዚያ በኋላ በመጣችው ቅዳሜ ዱሬቲ እንደ ልማዷ ማልዳ ተነሣች። ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"መሄጃ የለኝም እኮ" አለችና ሳቀች። ቦርሳዋን አስቀምጣ ከእኔ ጋር ሐይቁ ዳር ወረደች። ዓሣውን ከመረብ ስታወጣ አሁንም የቆሮሶው እሾህ ይወጋታል። ሁሩታ አትለቃትም።

እዚያው እንዳለን ኦቦ ጫምሳ በጋሪያቸው መጡ።

"አንተ፣ ኮትህን ልበስ። ነገ እንሄዳለን።"

"የት?"

"ጋሮምሳ ቤት። ልጅቷ ዘንድሮ ጨርሳለች። የቢሾፍቱው ልጅ ቤተሰቦች ቤቱን የምታውቁ እናንተ ናችሁ ብለው ላኩብን። ያደታ ደግሞ አሁን ወገቤን ይላል።"

ዱሬቲ የሰርጌን ኮት በእጇ ተኮሰችልኝ፤ ሎሚውንም ቆረጠችልኝ። በማግስቱ በሩን የከፈቱት አቶ ጋሮምሳ ራሳቸው ናቸው። ሦስታችንን ቆመን ሲያዩን በሩን ይዘው፣

"ኦቦ ጫምሳ፣ ዛሬስ የማን ቅዳሜ ነው?" አሉ።

ኦቦ ጫምሳ ዱላቸውን ተደገፉ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ፣ ቀጥ ብዬ። ዛሬ መናገር አይጠበቅብኝም።